ገንዘቡ ነው ወይስ ጊዜው? ያለ ዕድሜ እርግዝናን ለመከላከል የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት ይመዘናል?

ለፊዚክስ ተማሪዎች ከምንሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ የቤተ ሙከራ ልምምዶች አንዱ የጨረራ ልኬት ነው። ተማሪው ጨረራ አመንጪውን ቁስ ከጋይገር ቆጣሪው ፊት ለማኖር ይቸኩላል። እኛ ግን እንከለክለዋለን፤ «በመጀመሪያ ምንም ሳታስቀምጥ ቁጠር» እንለዋለን። ቆጣሪው በባዶ ጠረጴዛ ላይም ሆኖ መቁጠሩን አያቋርጥም፤ ከአፈሩ፣ ከግድግዳውና ከጠፈር የሚመጣ ጨረራ ሁልጊዜ አለና። ይህ የዳራ ቆጠራ ይባላል። የዳራውን ቆጠራ ያልቀነሰ ተማሪ የምድርንና የሰማይን ሥራ በእጁ ለያዛት ቅንጣት ቁስ ሰጥቶ ይወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ቀላል ሕግ ከቤተ ሙከራ አውጥተን ብዙ ክርክር ወዳለበት ማኅበራዊ ጉዳይ ልንወስደው አስበናል። ጉዳዩ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጃገረዶችን ካልታሰበ እርግዝና ለመጠበቅ መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ለምሳሌነት የመረጥናት አሜሪካን ነው፤ በዚህ ረገድ ከፍተኛ ገንዘብ ያወጣች፣ ብዙ የተከራከረች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱን በሚገባ ለመለካት የሞከረች አገር በመሆኗ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1996 የድሆች ድጎማን ሥርዓት ከመሠረቱ የለወጠ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በነሐሴ ወር የፈረሙት የዚህ ሕግ ስም ራሱ የሚጀምረው «የግል ኃላፊነት» በሚሉ ቃላት ነው። በሕጉ መሠረት ወጣቶች እስከ ጋብቻ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዲታቀቡ ለሚያስተምሩ መርሐ ግብሮች በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ግዛቶችም ከፌዴራል መንግሥት ለሚያገኙት እያንዳንዱ 4 ዶላር 3 ዶላር ከራሳቸው እንዲጨምሩ ተደረገ። የትምህርቱ ብቸኛ ዓላማ የመታቀብን ጥቅም ማስተማር እንዲሆን ሕጉ አዘዘ።

በ2010 ደግሞ ሁለት አዳዲስ የገንዘብ ምንጮች ተከፈቱ። አንደኛው «የግል ኃላፊነት ትምህርት መርሐ ግብር» የሚል ስያሜ የተሰጠውና በዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ነው። ይህኛው ስለ መታቀብም ስለ እርግዝና መከላከያም አብሮ እንዲያስተምር፣ በተጨማሪም እንደ ገንዘብ አያያዝ፣ ጤናማ ጓደኝነትና ከወላጅ ጋር መነጋገርን የመሳሰሉ ለአዋቂነት የሚያዘጋጁ ትምህርቶችን እንዲያካትት ተደነገገ። ሁለተኛው የወጣቶችን እርግዝና ለመከላከል ብቻ የተቋቋመ ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት 110 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለታል።

አንባቢ እንደሚያስተውለው «የግል ኃላፊነት» የሚለው ሐረግ በሁለቱም ዘመን ሕግ ውስጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በ1996 ኃላፊነት ማለት ራስን መግዛት ነበር። በ2010 ኃላፊነት ማለት አውቆና ተዘጋጅቶ መወሰን ሆነ። የመጀመሪያውን የሚደግፉ ወገኖች «ግብር ከፋዩ ለሌላው ሰው ምርጫ ለምን ይከፍላል?» ይላሉ። ሁለተኛውን የሚደግፉ «ያልተነገራትንና ያልተሰጣትን ነገር እንዴት ትምረጥ?» ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ክብደት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ገንዘቡን ሲጠይቁ አንድ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ይኸውም «የእኛ መንገድ ይሠራል» ማለታቸው ነው። ይህ አባባል እምነት ሳይሆን ሊለካ የሚችል መላምት ነው።

ሳይነኩት የሚወርድ ቁጥር

እስቲ ወደ ዳራው ቆጠራ እንመለስ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆነ 1,000 ልጃገረዶች መካከል በ1957 በአንድ ዓመት ውስጥ የወለዱት 96 ያህል ነበሩ። ይህ በአገሪቱ ታሪክ ከተመዘገቡት ቁጥሮች ከፍተኛው ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከእነዚህ እናቶች አብዛኞቹ ያገቡ ነበሩ። በ1991 ቁጥሩ 61.8 ነበር። በ2007 ወደ 41.5 ወረደ። በ2023 ደግሞ 13 ያህል ደርሷል።

አሁን የመታቀብ ትምህርት ደጋፊ የ1991ን እና የ2007ን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ገንዘባችን ፍሬ አፈራ» ቢል ምን እንመልስለታለን? ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ 5 ዓመት ቀድሞ ነው። የ2010ሩ መርሐ ግብር ደጋፊስ የ2007ንና የ2023ን ቁጥር ቢያሳየን? የኋለኛው ፈጣን ቁልቁለትም የተጀመረው አዲሱ ገንዘብ አንድ ትምህርት ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። በ2008 የተከሠተው የኢኮኖሚ ቀውስ፣ የተሻሻሉ የእርግዝና መከላከያዎች፣ የሴቶች ትምህርት መስፋፋት፣ የወጣቱ ውሎ መለወጥ፣ እነዚህ ሁሉ በባዶው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ቆጣሪውን የሚያስጮኹ የዳራ ጨረራዎች ናቸው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ቁጥሩ ወረደ ወይ?» አይደለም። «ገንዘቡ ባይወጣ ኖሮ ቁጥሩ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። ችግሩ ይህን ያልተፈጸመ ዓለም ማንም ሊያየው አለመቻሉ ነው። ሳይንስ ለዚህ ችግር ያገኘው ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ዕጣ ነው።

ዕጣ የሚሠራው ሥራ

አንድ መርሐ ግብር ተማሪዎች በፈቃዳቸው እንዲመዘገቡበት ተደረገ እንበል። የሚመዘገቡት ቀድሞውንም ጠንቃቆች የሆኑት፣ ወላጆቻቸውም በቅርብ የሚከታተሏቸው ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ እነዚህ ካልተመዘገቡት ቢሻሉ ልዩነቱ የትምህርቱ ይሁን የልጆቹ ማወቅ አንችልም። በዕጣ ከደለደልናቸው ግን ጠንቃቃውም ግድየለሹም፣ ሀብታሙም ድኻውም በሁለቱም ቡድን ውስጥ በተቀራራቢ መጠን ይገኛል። ዳራው በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚሆን በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት የትምህርቱ ሥራ ነው ለማለት እንደፍራለን። ቡድኖቹ ትንንሽ ከሆኑ ግን ዕጣው ራሱ ሊያዛባ ስለሚችል በርካታ ሰው ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ኮንግሬስ የመታቀብ ትምህርት በዚህ መንገድ እንዲመዘን በ1997 አዞ ነበር። ማቴማቲካ የተባለው የጥናት ድርጅት ከ2,000 በላይ ወጣቶችን በአራት መርሐ ግብሮች ውስጥ በዕጣ ደልድሎ ከ4 እስከ 6 ዓመት ከተከታተለ በኋላ ውጤቱን በ2007 ይፋ አደረገ። ትምህርቱን ከወሰዱት ውስጥ 49 በመቶ ያህሉ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ታቅበዋል። ካልወሰዱትስ? እነርሱም 49 በመቶ ያህል። ከጀመሩት መካከል የመጀመሪያ ግንኙነት የተፈጸመበት አማካይ ዕድሜ በሁለቱም ቡድን 14.9 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። «የመታቀብ ትምህርት ብቻ የሚማሩ ልጆች ያለ መከላከያ ለሚደረግ ግንኙነት ይጋለጣሉ» የሚለው ሥጋታቸውም በጥናቱ አልተረጋገጠም። በዚህ ረገድም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። የተስፋውም የሥጋቱም ልኬት ዜሮ ሆኖ ተገኘ።

በጎ ሐሳብ ወደ ኋላ ሲሄድ

ውጤቱ ዜሮ ቢሆን የጠፋው ገንዘብ ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የሚከተለው ምሳሌ ከዚህ የባሰ ነገርም ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

በአሜሪካ ተሠርተው በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች የተሰራጩ አሻንጉሊት ሕፃናት አሉ። በውስጣቸው ኮምፒውተር ስላለ ሌሊት ያለቅሳሉ፣ መመገብና መታቀፍ ይፈልጋሉ፣ ቸል ከተባሉም ይመዘግባሉ። ልጃገረዷ አሻንጉሊቱን ለጥቂት ቀናት ወስዳ ስትንከባከብ የእናትነትን ሸክም ቀምሳ ትጠነቀቃለች የሚል ነው ሐሳቡ። የግል ኃላፊነትን በእጅ የሚያስጨብጥ ትምህርት ይመስላል፤ ማንም ሰው ቢጠየቅ «ይሠራል» ማለቱ አይቀርም።

በምዕራብ አውስትራሊያ ሳሊ ብሪንክማንና ባልደረቦቻቸው 57 ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 የሆኑ 1,267 ልጃገረዶች አሻንጉሊቱን ከነትምህርቱ አገኙ፤ 1,567 የሚሆኑት የተለመደውን የጤና ትምህርት ብቻ ተማሩ። ከዚያም እስከ 20 ዓመታቸው ድረስ ተከታተሏቸው። በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት ይህ ነው፤ አሻንጉሊቱን ካልወሰዱት 4 በመቶ የሚሆኑት ሲወልዱ፣ ከወሰዱት ደግሞ 8 በመቶ የሚሆኑት ወልደዋል። ፅንስ ያቋረጡትም 6 በመቶ በ9 በመቶ ነበሩ።

አንድ ሙከራ የመጨረሻ ቃል አይሆንም። ሆኖም ያ አሻንጉሊት ልጆቹን ይጠብቃቸዋል ለሚለው እምነት በዚህ ሙከራ አንዳችም ድጋፍ አልተገኘለትም። ምናልባት ልጆቹ ሸክሙን ሳይሆን አሻንጉሊቱን ታቅፈው ያገኙትን ትኩረት ወደውት ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ማንም ባይለካው ኖሮ ትምህርት ቤቶች በበጎ ፈቃድና በሕዝብ ገንዘብ አሻንጉሊቱን መግዛታቸውን፣ ልጃገረዶቹም ዋጋውን መክፈላቸውን ይቀጥሉ ነበር።

ትንሽ ሆኖ እውነተኛ የሆነ ውጤት

ምንም የሚሠራ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። የኮሎራዶ ግዛት በ2009 ከአንድ የግል በጎ አድራጎት ድርጅት ባገኘችው ገንዘብ ለዓመታት የሚቆዩ መከላከያዎችን ማለትም ሉፕንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሴቶች በጤና ጣቢያዎች በነፃ ማዳረስ ጀመረች። በ2014 በግዛቲቱ የነበረው የወጣቶች የወሊድ መጠን በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ዜናው በመላ አገሪቱ ተሰማ።

የዳራውን ቆጠራ ያልረሳ ተማሪ ግን ወዲያው ይጠይቃል፤ በሌሎቹ ግዛቶችስ? በአገር አቀፍ ደረጃም በእነዚያው ዓመታት ቁጥሩ ከሢሦ በላይ ቀንሶ ነበር። ጄሰን ሊንዶና አናሊሳ ፓካም የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት የኮሎራዶን ጤና ጣቢያዎች ያሉባቸውን አካባቢዎች በሌሎች ግዛቶች ከሚገኙ ተመሳሳይ አካባቢዎች ጋር አነጻጸሩ። ለመርሐ ግብሩ ሊሰጥ የሚገባው ድርሻ በአምስት ዓመት ውስጥ 6.4 በመቶ ቅናሽ ሆኖ ተገኘ።

6.4 በመቶ ከ50 በመቶ አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ዳራው የተቀነሰለት የመርሐ ግብሩ የራሱ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ይስማማል። ሎራ ሊንድበርግና ባልደረቦቿ በ2016 እንዳሳዩት ከ2007 በኋላ በነበሩት ዓመታት የአሜሪካ ወጣቶች ግንኙነት የመፈጸም ልማድ እምብዛም አልተለወጠም፤ የእርግዝናው መቀነስ የመጣው ከተሻለ የመከላከያ አጠቃቀም ነው። ኃላፊነት የሚሰማት ወጣት ኃላፊነቷን የምትወጣው እጇ በሚደርስበት ነገር እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሐቀኛ ለካ፣ ሐቀኛም ተቀጣ

የ2010ሩ የእርግዝና መከላከል መርሐ ግብር አንድ የሚመሰገንበት ነገር ነበረው። አብዛኛው ገንዘብ ቀደም ሲል በጥናት የተደገፉ ትምህርቶችን ለመድገም፣ የተቀረው አዲስ ሐሳብ ለመፈተን ዋለ፤ የእያንዳንዱም ውጤት ይለካ ተባለ። በ2016 የወጣው ማጠቃለያ 41 ግምገማዎችን ያካተተ ሲሆን ከእነዚህ 12ቱ በወጣቶች ባሕርይ ላይ በጎ ለውጥ አሳዩ።

12 ከ41 ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ይህን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በተለመደው የስታትስቲክስ መለኪያ ምንም የማይሠራ ትምህርት በአጋጣሚ ብቻ «ሠራ» ሊባል የሚችልበት ዕድል ከ20 አንድ ነው። ስለዚህ 41ዱም ፍሬ ቢስ ቢሆኑ እንኳ ሁለት ያህሉ በዕድል «ይሳካሉ»። እያንዳንዱ ግምገማ ከአንድ በላይ ውጤት ከለካ ደግሞ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። ቢሆንም 12 ከሁለት በግልጽ ይበልጣል። አንዳንዶቹ በእርግጥ ሠርተዋል፤ አብዛኞቹ ግን የሠሩ ለመሆናቸው ማስረጃ አልተገኘም። በተለይ በአንድ ቦታ የተሳካ ትምህርት በሌላ ቦታ ሲደገም መክሸፉ የተለመደ ሆኖ ታይቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው አስተማሪ ነው። በ2017 መንግሥቱ ለ81 ገንዘብ ተቀባዮች ድጎማቸው ከቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት ቀድሞ እንደሚቋረጥ አስታወቀ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የግምገማዎቹ ውጤት ደካማ መሆኑ ነበር። በ2018 በርካታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ውሳኔውን ሕገ ወጥ ብለው ሻሩት። በዚያው ዓመት ግን በ2007ቱ ግምገማ ምንም ውጤት ያልታየበት የመታቀብ ትምህርት ስሙ ተለውጦ በዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት።

ለሳይንስ ሰው ከዚህ የሚከፋ ትምህርት አይኖርም። ድክመቱን ለክቶ በአደባባይ የተናገረ መርሐ ግብር በገዛ መዝገቡ ሲከሰስ፣ ቀጣዩ ሠራተኛ ከመለካት ዝም ማለት እንደሚሻል ይማራል። ሳይለኩ መክፈል ስሕተት የሆነውን ያህል፣ የለካውን ብቻ ነጥሎ መቅጣትም ስሕተት ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

አንድ ሌላ ቁጥር እናንሣ። በ2010 በአሜሪካ የወጣቶች ወሊድ ግብር ከፋዩን 9.4 ቢሊዮን ዶላር እንዳስወጣ ተገምቶ በሰፊው ተነግሯል። እንዲህ ያለው ግምት ትክክል የሚሆነው እናትየው ዘግይታ ብትወልድ ኖሮ ሕይወቷ ምን ይመስል እንደነበር ካወቅን ነው። አርላይን ጀሮኒመስና ሳንደርስ ኮረንማን በ1992 ብልኃት የተሞላበት ንጽጽር አደረጉ፤ በለጋ ዕድሜዋ የወለደችን ሴት ከማንም ሴት ጋር ሳይሆን በአንድ ቤት ካደገችውና ዘግይታ ከወለደችው እኅቷ ጋር አስተያዩ። በተለመደው ንጽጽር ሰፊ መስሎ ይታይ የነበረው የኑሮ ልዩነት በእኅትማማቾች መካከል በእጅጉ ጠበበ። ይህም ማለት ከድህነቱ ብዙው ክፍል ከእርግዝናው በፊትም በቤቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ድህነትን ሁሉ በአንዲት ልጅ «ኃላፊነት የጎደለው» ውሳኔ ማሳበብ ዳራውን ሳይቀንሱ መቁጠር ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛም አገር ሌላ መልክ ይይዛል። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች 13 በመቶ የሚሆኑት ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተዳሩ ናቸው። በ2000 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎ ቢወስንም፣ ጋብቻዋ በሽማግሌ ያለቀላት የ13 ዓመት ልጅ የቱን ውሳኔ ወስና ነው «ኃላፊነት» የምትጠየቀው?

በአማራ ክልል ገጠር ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው መርሐ ግብር ልጃገረዶች በትምህርት ቤት እንዲቆዩ እየደገፈና ወላጆችን እያወያየ ውጤቱን ከሌላ ተነጻጻሪ አካባቢ ጋር ለካ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ከሆኑት መካከል የተዳሩት ከተነጻጻሪው አካባቢ እጅግ አንሰው ተገኙ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ግን ወደ ትዳር የገቡት በመርሐ ግብሩ አካባቢ በዝተው ታዩ። ምናልባት ጋብቻው ቀርቶ ሳይሆን ወደ ኋላ ተገፍቶ ይሆናል። አጥኚዎቹ ይህን የማያስደስት ግማሽ ሳይደብቁ ማሳተማቸው ለቀጣዩ ሥራ ከመልካሙ ግማሽ ያልተናነሰ ይጠቅማል።

ለማጠቃለል ያህል፣ አንባቢያን ወደፊት «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ወጥቶ ይህን ያህል ወጣት ተጠቀመ» የሚል ዘገባ ሲሰሙ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሡ እንመክራለን። አንደኛ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር? ሁለተኛ፣ ተነጻጻሪዎቹን የመረጣቸው ዕጣ ነው ወይስ ሰው? ሦስተኛ፣ ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ይህ ዘገባ ይነበብልን ነበርን?

የግል ኃላፊነት መልካም ነገር ነው፤ ልጆቻችንም ሊማሩት ይገባል። ይሁን እንጂ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ለድርጊቷ መልስ እንድትሰጥ የሚጠይቅ መንግሥት፣ ስለ እርሷ ባወጣው ገንዘብ ምን እንደሠራ ሲጠየቅ በቁጥር መመለስ ይገባዋል። ከእናንተ ከአንባቢያን መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የበጀት ባለሙያዎች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ጨረራ አመንጪውን ቁስ ከማምጣታችሁ በፊት ባዶውን ጠረጴዛ መቁጠራችሁን አትርሱ።